አሮስቶ በሰሜን ሸዋ ደጋ

አሮስቶ ሙዳ የበሬ ስጋ ሳይዘለዘል፣ ሳይከተፍ፣ እንዳለ ድስት ውስጥ ገብቶ በትንሽ መረቅና በአትክልት ታፍኖ ለሰዓታት የሚበስል ምግብ ነው። የጣሊያኖች ነው፤ እንደ ፓስታና እንደ ሳልሳ እኛው ጋ ለምዶ ቀረ። ዛሬ ደብረ ብርሃን የሰርግ ቡፌ ላይ ቢታይ የሚገርመው ሰው የለም። ቤት ውስጥ ግን የበዓል ምግብ ነው። ረቡዕና አርብ ጾም፣ ሁዳዴ 55 ቀን፤ ያን ያህል ስጋ በአንዴ ቤት የሚገባው ለፋሲካ፣ ለገና ወይም ለመስቀል፣ ያውም በቅርጫ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ እዚሁ ላይ ይመጣል። ቅርጫ ላይ በሬው ከታረደ በኋላ ለሁሉም እንዲዳረስ ከየብልቱ ትንሽ ትንሽ እየተነሳ በየመደቡ ይከፋፈላል። ለድርሻ ፍትሃዊ ነው፣ ለአሮስቶ ግን አይመችም፤ እሱ የሚፈልገው ከአንድ ብልት የተነሳ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ሙዳ ነው። ስለዚህ ቢላ ሳይነሳ አስቀድሞ መናገር ነው፦ «የወርቹን ሙዳ ሳትነኩ ለእኔ ተዉልኝ፣ በሌላው አካክሱኝ።» ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል፣ ምክንያቱም ወርች ላይ የሚጣላ የለም። ሁሉም ዓይኑ ሽንጥና ጭቅና ላይ ነው።

ደግሞም ለአሮስቶ ሽንጥ መግዛት ብር ማባከን ይመስለኛል። ለስላሳ ስጋ ሦስት ሰዓት ሲበስል ይደርቃል፣ እንደ ገለባ ይሆናል። ወርች፣ አንገት፣ ፍሪምባ ናቸው ለዚህ የተፈጠሩት። ሲያርስ የኖረ በሬ ከሆነም ግድ የለም። ጅማቱን ጠንካራ የሚያደርገው ኮላጅን በእርጥብ ሙቀት ቀስ እያለ ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል፤ ስጋውን የሚያለሰልሰው፣ ሶሱንም ከንፈር ላይ ጣበቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ነች፣ ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፣ 90 እና 91 መካከል። ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ቢደረስ፣ እሷ 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 95 ያልፋል። አራት አምስት ዲግሪ ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። ብዙ ያደርጋል። ቆላ ላይ በ3 ሰዓት የሚለሰልስ ወርች ደጋ ላይ 4 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እሳት ቢጨምሩበት ደግሞ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። መፍትሄው ወይ ጊዜ ነው፣ ወይ ፕሬሸር ኩከር፤ እሱ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 በላይ ያወጣዋል፣ ስጋው ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ይደርሳል። ጊዜ ላለው ሰው ግን የድስቱ ይሻላል፣ ሶሱ እንደዚያኛው ውሃ ውሃ አይልም።

ማገዶውም ልዩነት አለው። ባህር ዛፍ ይንቦገቦጋል፣ ወዲያው ያልፋል። ኩበት ግን አንዴ ከተያያዘ ፍሙ ሳይቸኩል ሲግል ይውላል፤ የመንዝና የጠራ እናቶች ኩበት ላይ የሚጥዱት ለአሮስቶ ብለው ባይሆንም ለአሮስቶ ከዚህ የተሻለ እሳት አይገኝም። ጭሱ እንዳይገባ ክዳኑ ግጥም ይበል። ከተማ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ደግሞ ከሰል ከጎኑ ያዘጋጅ፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም።

አሠራሩ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ስጋው በጨርቅ ይደራረቃል፤ እርጥብ ስጋ ዘይት ውስጥ ቢገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ እየተደረገ ነጭ ሽንኩርት ይሸጎጥበታል፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይታሻል፣ እንዳይበታተን በክር ይታሰራል። ወፍራም ድስት ውስጥ በጋለ ዘይት ሁሉም ጎኑ ጠቆር ያለ ቡናማ እስኪሆን ይገላበጣል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፣ የሶሱ ቀለምም ጣዕምም የሚመጣው ድስቱ ግርጌ ላይ ከያዘው ነው። ስጋው ወጥቶ ቀይ ሽንኩርት በደንብ ይቁላላል፣ ትንሽ ቲማቲም፣ የጥብስ ቅጠል። የሞቀ ውሃ ወይም የአጥንት መረቅ ሲጨመር የያዘው በማንኪያ ይፋቃል። ከዚያ ስጋው ይመለሳል፣ ፈሳሹ እስከ ወገቡ ብቻ ይድረስ። ሙሉ ለሙሉ ከተሸፈነ ቅቅል ሆነ። በየግማሽ ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ውሃ ካነሰ የፈላ መጨመር፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ካሮትና ድንች አብረው ከመጀመሪያው ከገቡ ይፈርሳሉ፣ መጨረሻው አንድ ሰዓት ሲቀር ይበቃል። ድንቹም በደጋ ይዘገያል፣ ቲማቲም የበዛበት ሶስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ኮምጣጣ ነገር አትክልት ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል።

ሹካ ሲወጉት ሳይታገል ገብቶ ከወጣ ስጋው ደርሷል። ወጥቶ ሩብ ሰዓት ይረፍ። ድስቱ ውስጥ የቀረው ላይ የተንሳፈፈው ስብ ይቀነስና ሽንኩርቱ በማንኪያ ጀርባ ተጨፍልቆ እንዲወፍር ይንተከተካል። አንዳንዱ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይጨምራል። እኔ አንድ ማንኪያ በሶ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቀድሞ የተቆላ ገብስ ስለሆነ ጥሬ ዱቄት ዱቄት አይልም፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደግሞ በሶ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው።

የሚቆረጠው የስጋው ክር የሚሄድበትን አቅጣጫ አቋርጦ ነው፣ ጣት በሚያህል ውፍረት። ለብዙ እንግዳ ከሆነ ዋዜማውን አብስሎ ማሳደር ይመረጣል፤ የቀዘቀዘ ስጋ ሳይበጣጠስ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሶሱ ውስጥ ተደርድሮ ይሞቃል። ለፋሲካ ግን ይህ አይሆንም። ቅርጫው ብዙ ጊዜ የሚታረደው በዕለቱ ስለሆነ አሮስቶው ለምሳ አይደርስም፣ ምሳው የዶሮ ወጡ ነው። አሮስቶው የሚደርሰው ለማታ ወይም ለማግስቱ ነው፣ ከተረፈው ድፎ ዳቦ ጋር።