«ጃዝ ዝም ብሎ መንፋት ነው» እና ሌሎች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሙዚቃ ላይ ያርፋል። አንዱ ጓደኛዬ የጃዝ ሰው ነው። ሌላው የድሮ ሮክ ካልሆነ አይሰማም። ሁለቱም የሚወዱትን አጥብቀው ይወዳሉ፤ አንዱ ስለሌላው ሙዚቃ የሚለው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ከነሱም ከሌላ ሰውም ደጋግሜ የሰማኋቸውን እዚህ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጃዝ እንደመጣልህ መንፋት ነው»

ይህን የሚለው የሮኩ ልጅ ነው። አልፈርድበትም። ሳክስፎኑ ሶሎ ውስጥ ሲገባ (ፊት ወጥቶ የራሱን ሲጫወት) ዜማው የጠፋ ይመስላል። ግን አልጠፋም፤ ከሥር እየዞረ ነው። ብዙዎቹ የጃዝ ሥራዎች 32 ሜዠር (ሜዠር ብዙ ጊዜ አራት ምት የሚቆጠርበት ክፍል ነው)፣ ብሉዝ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ከሆኑ ደግሞ 12 ሜዠር ርዝመት አላቸው። ባሱና ፒያኖው ያንን ቅርጽ ደጋግመው ይዞሩታል። ሶሎ የሚጫወተው ሰው የቱ ጋ እንዳለ ያውቃል። ከጠፋበት መላው ባንድ ይሰማዋል።

የቅኔ ቤትን ነገር ለሚያውቅ ይህ አይከብድም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ተማሪው ሦስት ላድርገው አይልም። ልኩንና ዜማውን ይጠብቃል፤ በዚያ ልክ ውስጥ ግን ትናንት ያልተባለ ነገር ይዞ መምጣት አለበት። አዝማሪ ቤት የምናየውም ይኸው ነው። ማሲንቆው ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ ግጥሙ ፊት ለፊት በተቀመጠው ሰው ላይ እዚያው ይፈጠራል።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን አውጥቼ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያወጣውን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለ አልበም ለሮኩ ልጅ ከፈትኩለት። መጀመሪያው ሥራ ላይ ባሱ አንድ ሐረግ ይላል፤ ሌሎቹ በሁለት አጭር ድምፅ ይመልሱለታል። አውጪና ተቀባይ ማለት ነው። ስምንት ሜዠር፣ ደግሞ ስምንት፣ ከዚያ ሁሉም በግማሽ ድምፅ ከፍ ይልና ስምንቱ ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጠረጴዛውን በማንኪያ እየመታን ቆጠርን። ሦስተኛው ዙር ላይ እኔ ሳልነግረው እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከፍ የሚልበትን ቦታ ራሱ ያዘው። በጣም ደስ አለኝ። አልበሙ የተቀረጸው በሁለት ቀን ነው፤ ሙዚቀኞቹ እጅ ላይ የነበረው አጭር ንድፍ ብቻ ነበር። ይህ ዓመታት ሙሉ ሳይለማመዱ የሚደረግ ነገር አይደለም።

«ሮክ የነጮች ጩኸት ነው፤ የሰይጣን ሙዚቃ ነው»

ይህን ቤቱ ውስጥ ሳይሰማ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። እውነታው ግን የሮክን ሥር የሚከተል ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1915 አርካንሳ ውስጥ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ጊታር ይዛ ትዘምር ነበር። በ1940ዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ የምትጫወተው መዝሙር ኋላ ሮክ ኤንድ ሮል የተባለውን ነገር በሙሉ በውስጡ ይዟል። ስመ ጥሮቹ የሮክ ኤንድ ሮል ሰዎች ቸክ ቤሪም ሊትል ሪቻርድም የመጡት ከሷ በኋላ ነው። የሮክ ዝነኞች መዝገብ ውስጥ የገባችው ግን በ2018፣ ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል።

ሌላም አለ። ኤልቪስ በ1956 ገናና ያደረገውን «ሃውንድ ዶግ» አስቀድማ የቀረጸችው ጥቁር አሜሪካዊቷ የብሉዝ ዘፋኝ ቢግ ማማ ቶርንተን ናት፣ በ1952። የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ ስማቸውን ያገኙት ከብሉዝ ዘፋኙ ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው። ፒንክ ፍሎይድ የሚለው የሌላው የሮክ ባንድ ስምም የሁለት ብሉዝ ተጫዋቾች ስም ነው፤ የፒንክ አንደርሰንና የፍሎይድ ካውንስል።

ጩኸቱስ? የሮክ ጊታር የሚጎረንነው ድምፅ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገውም ያንን ነው። በገናን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ክሩ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ ሁሉ ንዝረት የሚመጣው ከሷ ነው። ብታወጧት ድምፁ ይጠራል፣ በገናነቱ ግን ይጠፋል።

«ጃዝና ሮክ አይተዋወቁም»

ይህኛው አጭር ነው። የሮሊንግ ስቶንስ ድራመር ቻርሊ ዋትስ ዕድሜ ልኩን የጃዝ ሰው ነበር፤ የራሱ የጃዝ ባንድም ነበረው። ማይልስ ዴቪስ ደግሞ በ1970 በኤሌክትሪክ ጊታርና በኪቦርድ የተሞላ አልበም አወጣ። የጃዙ ልጅ ይህን አልበም አይወድም። መብቱ ነው።

«ጃዝ እኛ ጋ የሆቴል ሙዚቃ ነው፤ ያውም አዲስ ፋሽን»

አዲስ አይደለም። ታላቁ አሜሪካዊ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን በኅዳር 1973 ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል። ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ተቀብሏል። በዓመቱ ውስጥ ኤሊንግተን ሞተ፣ ንጉሡም ወረዱ። ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ መሄጃ አጣ።

የሆቴሉ ነገርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዋልያስ የተባለው የአዲስ አበባ ባንድ ሂልተን ይጫወት በነበረበት ጊዜ እንግዳው በሰዓት እላፊው ምክንያት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ሆቴል ሙዚቃውን አስጠለለው እንጂ አልወለደውም።

«የድሮ ሙዚቃችን ሁሉ ኢትዮ ጃዝ ነው»

ይህን የምንለው እኛው ነን፣ በተለይ ሳክስፎንና ትራምፔት ስንሰማ። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ዘፈኖች አብዛኛዎቹ ግን ሶልና አር ኤንድ ቢ ለሚባሉት የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈኖች ይቀርባሉ። ዘፋኙ መሃል ላይ ነው፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያጅቡታል። ውብ ሙዚቃ ነው፤ ስሙ ግን ሌላ ነው።

ኢትዮ ጃዝ የሙላቱ አስታጥቄ ሐሳብ ነው። ሙላቱ ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን ተምሮ፣ ቦስተን ያለው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነው። ሐሳቡን መሞከር የጀመረውም ኒውዮርክ ነው፤ በ1966 ሁለት አልበም እዚያ ቀረጸ። የያዘው ጥያቄ ከባድ ነበር። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ናቸው፣ የጃዝ ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ግን ከአሥራ ሁለቱም ድምፆች ይወስዳሉ። ፒያኖ ያለው ሰው ቤቱ ይሞክረው። ትዝታን በሜጀር ተጫወቱ፤ ከሜጀር ስኬል ሰባት ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው የሉም። አሁን ከሥሩ እነዚያን ድምፆች የያዘ ወፍራም ኮርድ አስገቡ። ትዝታው ወዲያው ይደበዝዛል። የሙላቱ ብልሃት ከሥር ያለውን ማበልጸግ፣ ከላይ ያለውን ቅኝት ግን አለመንካት ነው። ስሙን በጅምላ ለሁሉም ስንሰጥ ይህ ድካም ይረሳል።

ጌታቸው መኩሪያም ብዙ ጊዜ በዚሁ ስም ይጠራል። እሱ ያደረገው ሌላ ነው። በ1950ዎቹ ሽለላን፣ ያንን የጦር ሜዳ ፉከራ፣ በሳክስፎን አመጣው። ሰባ ዓመት ሲሞላው ደግሞ የሆላንዱን የፐንክ ባንድ ዘ ኤክስን አብረን እንጫወት አለ። «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበማቸው በ2006 ወጣ። ጊታሮቹ ይጎረንናሉ፣ ሳክስፎኑ በላያቸው ላይ ይፎክራል። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር። የጃዙ ልጅ አንዱን ኢርፎን፣ የሮኩ ልጅ ሌላውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙት።