አኪራ፦ አንድ ሌሊት፣ ከካሴት እስከ 4ኬ

ቶኪዮ፣ ጁላይ 16 ቀን 1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ድምፅ የለም። ነጭ ብርሃን እንደ ጉልላት ከከተማው መሃል ይነሳና ሕንፃዎቹን ይውጣቸዋል። አኪራ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ፊልሙ ጃፓን ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባውም በዚያው ቀን ነበር።

አኪራ የሳይንስ ልብወለድ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ነው። ዳይሬክተሩ ካትሱሂሮ ኦቶሞ ሲሆን፣ መነሻውም ራሱ ጽፎ የሣለው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ነው። ርዝመቱ 124 ደቂቃ። ታሪኩ ከፍንዳታው በኋላ ወደ 2019 ይዘላል፤ ከተማዋ አሁን ኒዮ ቶኪዮ ትባላለች። ካኔዳ የሞተር ሳይክል ጋንግ መሪ ነው። ጓደኛው ቴትሱኦ ከአንድ እንግዳ ሕፃን ጋር ከተጋጨ በኋላ ወታደሮች ይወስዱታል። ቀስ በቀስ ሊቆጣጠረው የማይችለው ኃይል ያድርበታል። የቀረውን ላላያችሁት ትቼዋለሁ።

ስለ ዲስክ ጥራት በሚነሳ ክርክር አኪራ የማይጠፋው፣ ፊልሙ አብዛኛው ሌሊት ስለሆነ ነው። በእጅ ለሚሣል አኒሜ ሌሊት ከባድ ነው፤ ጥቁሩ ራሱ ብዙ ዓይነት ጥቁር ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ 327 ቀለሞች ጥቅም ላይ ውለዋል፤ ከነዚህ 50ዎቹ ለፊልሙ ተብለው የተቀመሙ ናቸው። ሴል የሚባለው፣ ሥዕል የሚቀባበት ግልጽ ፕላስቲክ፣ ወደ 160,000 ገደማ ፈጅቷል። መጀመሪያ አካባቢ ያለውን የሞተር ማሳደድ ልብ በሉ። ሞተሮቹ ሲከንፉ የኋላ መብራታቸው ቀይ መስመር እየሳበ ይቀራል። የቤታችሁ ዲስክ ደህና መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ እሷን መስመር ተመልከቱ።

በቪኤችኤስ ካሴት ያቺ መስመር ተበላሽታ ነበር። ካሴት ቀለምን የሚይዘው በጣም ጥቂት ዝርዝር አድርጎ ነው፤ ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ ቀይ ነው። ከቪዲዮ ቤት እየተከራየ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ቀዩ ከጠርዙ አልፎ ይፈሳል። የካኔዳ ጃኬት ቀይ ነው። ሞተሩም ቀይ ነው። ዕድል ማጣት ይሉታል ይሄ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ክራይቴሪዮን የተባለው የፊልም አሳታሚ በሌዘርዲስክ አወጣው። ዲስኩ የሸክላ ያህል ይሰፋል። አንዱ ዓይነት እትም በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ ፊልሙን ለመጨረስ አራት ጊዜ መነሳት ነበር። በምላሹ እያንዳንዱን ሥዕል አቁሞ በጥራት ማየት ይቻላል። ለሠዓሊ ትልቅ ነገር ነው። በ2001 የፓዮኒር ኩባንያ ዲቪዲ ከታደሰ ምስልና ከአዲስ የእንግሊዝኛ ድምፅ ጋር መጣ። በ2009 ብሉሬዩ ተከተለ፤ 1920 በ1080 ፒክስል።

የብሉሬዩ ጉድ ግን ድምፁ ላይ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ጌይኖ ያማሺሮጉሚ የተባለ ቡድን ነው፤ የባሊ ደሴት የቀርከሃ መሣሪያና የጃፓን የኖ ቲያትር ዜማ አንድ ላይ ይሰማል። የቡድኑ መሪ ሾጂ ያማሺሮ በእውነተኛ ስሙ ጽቶሙ ኦሃሺ ይባላል፤ የሳይንስ ተመራማሪም ነው። ጆሮ የማይሰማው በጣም ቀጭን ድምፅ እንኳ አንጎል ላይ ለውጥ ያመጣል ባይ ነው። ስለዚህ የጃፓንኛው ድምፅ በ192 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 192,000 ጊዜ እየተለካ፣ ተጫነ፤ ይሄ እስከ 96 ኪሎኸርዝ ድረስ ቀጭን የሆነ ድምፅ ይይዛል። የሰው ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያቆማል። አብዛኛው ስፒከርም ያን ያህል አይወጣም። ሐሳቡ ሁሉንም ባለሙያ አላሳመነም። ከበሮው ግን ሳሎን ያናውጣል፤ ለእኔ እሱ ይበቃኛል።

የ4ኬው (የብሉሬይን አራት እጥፍ ፒክስል የያዘው) እትም ጃፓን ውስጥ የወጣው በአፕሪል 2020 ነው። ምስሉ እንደ አዲስ የተቀዳው ከ35 ሚሊ ሜትር ማስተር ፖዘቲቭ ፊልም ነው፤ ማለትም ካሜራው ውስጥ ከነበረው ዋናው ኔጌቲቭ አንድ እርምጃ ብቻ ራቅ ካለ ቅጂ። ኤችዲአር (በብሩሁና በጨለማው መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰፋ ዘዴ) ስላለው የኒዮን መብራቱ ጥቁሩን ሳያጥብ ይደምቃል። ሲጠጉት የፊልሙ ቅንጣት፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ደቃቅ ነጠብጣቦች፣ ይታያል፤ አንዳንዴም ካሜራው ሥር ሴሉ ላይ ያረፈ አቧራ። ቅንጣቱን ብልሽት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም። ጨርሶ ሲያለሰልሱት የብዕሩ መስመርም አብሮ ይጠፋል፤ ፊቱ ሁሉ ሰም ይመስላል። ቴሌቪዥናችሁ ኤችዲአር ተጽፎበት ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ግን ከጥሩ ብሉሬይ ብዙ ልዩነት አትጠብቁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ፊልሙ ውስጥ ኒዮ ቶኪዮ ለ2020 ኦሊምፒክ ትዘጋጃለች። ውድድሩ ሊጀመር 147 ቀን እንደቀረው የሚናገር ሰሌዳ ተተክሏል፤ ከሥሩ አንድ ሰው «ይሰረዝ» ብሎ ጽፎበታል። የእውነተኛው የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ መራዘም የተነገረው በማርች 2020 ነው፤ 4ኬው ለገበያ ሊቀርብ አንድ ወር ሲቀረው። አዲሱን ዲስክ የገዛ ሰው ያንን ጽሑፍ ከምንጊዜውም በላይ ጥርት ብሎ አነበበው።