የከተማ ምስጢር ልቦለድ ምንድን ነው?

የከተማ ምስጢር ልቦለድ የአንድን ትልቅ ከተማ አደባባይና ቤተ መንግሥት አልፎ፣ ከዚያ ጀርባ ያለውን የሌባውን፣ የሴተኛ አዳሪዋን፣ የቀን ሠራተኛውንና የአራጣ አበዳሪውን ኑሮ የታሪኩ ዋና ስፍራ የሚያደርግ የድርሰት ዓይነት ነው። መልኩን የያዘው ፈረንሳዊው ኤዤን ሱ «የፓሪስ ምስጢሮች»ን እ.ኤ.አ. ከ1842 እስከ 1843 በአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ በተከታታይ ባወጣ ጊዜ ሲሆን፣ በ1844 ደግሞ ጆርጅ ሬይኖልድስ በለንደን የራሱን ጀመረ።

የኤዤን ሱ ታሪክ የሚከፈተው በወንጀለኞች መጠጥ ቤት ነው። ቤቱ ያለው ግን በከተማው ዳር ሳይሆን በመሐሉ፣ በሲቴ ደሴት፣ ከፍርድ ቤቱና ከኖትር ዳም ካቴድራል አቅራቢያ ነው። ሰፈሩ ለሚኖርበት ሰው ምንም ስውር ነገር የለውም፤ የተሰወረው ጋዜጣውን ከሚያነበው ባለጸጋ ነው። ስለዚህ ደራሲው አንባቢውን ወደዚያ የሚያስገባ መሪ ያስፈልገዋል። ሱ የመረጠው የሠራተኛ ልብስ ለብሶ የሚዘዋወር መስፍን ነው፤ ምርጫው ደካማ ይመስለኛል፤ ባሻው ጊዜ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው የሌላው ችግር ከጉብኝት አያልፍምና። ቪክቶር ሁጎ በ1862 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ልቦለድ ከመንገዱ በታች፣ እስከ ፍሳሽ ቦዩ ድረስ ወረደ። በእኛ አገር ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የአዲስ አበባውን ውቤ በረሃ ከውስጥ ሆኖ፣ ያለ መስፍን ተርኮታል።

የባሕር ዳርን ስውር ገጽ መጻፍ የሚሻ ደራሲም መሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ጎጃም የቅኔ አገር ነውና የቆሎ ተማሪ አለለት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር፣ በጣና ዳር ካለው ቪላ ውሻ ያባርረዋል፤ ከጓሮ በተከራየችው ጠባብ ክፍል የምትኖረው ጠላ ጠማቂ ደግሞ ከምትበላው ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ በሩ ገርበብ እስኪል ባለው ጊዜም የባልና ሚስቱን ጠብ፣ የአከራዩን ዛቻ፣ የበሽተኛውን ሳል ይሰማል። ርቦት ስለሚዞር ልብስ መቀየር አያሻውም፤ ማንም ስለማይጠረጥረውም ፊቱ ድምፅ የሚቀንስ የለም። የሚጎድለው ሌሊቱ ነው። ሲመሽ ከጎጆው ገብቶ ቅኔ ስለሚቆጥር፣ ከመሸ በኋላ ላለችው ባሕር ዳር ደራሲው ሁለተኛ መሪ፣ ለምሳሌ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ መጨመር ይኖርበታል።