ታናሽ መንጋ በወይን አገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ፣ ኮሶቮ ውስጥ፣ ራሆቬትስ ከተማ አጠገብ፣ ቬሊካ ሆቻ የምትባል መንደር አለች። ዙሪያዋን አልባኒያውያን ይኖራሉ፤ በእሷ ውስጥ ግን የሚበዙት ሰርቦች ናቸው። ሰዎቿ ጥቂት መቶዎች ቢሆኑ ነው። አብያተ ክርስቲያናቷ ግን 13 ናቸው!

ሰርቦች ኦርቶዶክስ ይባሉ እንጂ ከእኛ ጋር በኬልቄዶን ጉባኤ የተለያየን ነን። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ቢሆንም ታሪካቸው ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ገዥያቸው ስቴፋን ኔማኛ እንደ አፄ ካሌብ ዙፋኑን ለልጁ ትቶ መነኮሰ። ከሌላው ልጁ ከሳቫ ጋር ግሪክ ውስጥ ባለው በአቶስ ተራራ የሒላንዳርን ገዳም አቀና። በፈረንጆቹ 1198 ለገዳሙ ከሰጣቸው መንደሮች አንዷ ሆቻ ነበረች። በእኛ አነጋገር የገዳም ጉልት ሆነች ማለት ነው። ወይኗ በሸክላ ቧንቧ ፕሪዝረን ከተማ ድረስ፣ ወደ ንጉሥ ዱሻን ቤተ መንግሥት ይወርድ ነበር ይላሉ። አፈ ታሪክ ነው፤ ግን ደስ ይላል።

የደብረ ታቦርን በዓል እንደ እኛው ነሐሴ 13 ያከብራሉ። ችቦና ሙልሙል የለም። ምእመናኑ የወይን ዘለላ ይዘው ይመጣሉ፣ ካህኑ ይባርካል። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ቀን በፊት ወይን አይቀምስም። እስቲ አስቡት። ገበሬው ራሱ የገረዘው፣ ራሱ የኮተኮተው ነው። ፍሬው ሲበስል ዓይኑ እያየ ነው። አንዲት ፍሬ ቢቀነጥስ ማን ያየዋል? እሱ ግን የመጀመሪያው ፍሬ የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይታገሣል። እኛ በጾም ሰዓት ስልካችንን ስንት ጊዜ እንደምናይ እናውቃለን።

ሌላም አላቸው፤ ስላቫ ይሉታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ቅዱስ አለው። በበዓሉ ቀን ሻማ ይበራል፣ ኅብስት ይቆረሳል፣ የተቀቀለ ስንዴና ወይን ይቀርባል። እንግዳ አይጠራም፤ ቀኑን የሚያውቅ ይመጣል። ከእኛ ጽዋ ማኅበር ጋር ይቀራረባል። ጌታ «አንተ ታናሽ መንጋ፥ አትፍራ» ያለው እንዲህ ላሉት ይመስለኛል። ቁጥራቸው ቢያንስም ቀናቸውን አያስታጉሉም።

በሰርቦችና በአልባኒያውያን መካከል ከተደረገው የፈረንጆቹ 1999 ጦርነት በኋላ ብዙ ሰርቦች አካባቢውን ጥለው ተሰደዱ። ታፍነው የቀሩም አሉ። የሆቻ ሰዎች በኔቶ ወታደሮች ጥበቃ ሥር ቆዩ። ስለ እነሱ ሲነገር፣ ወይኑን ለጠየቀው ለንጉሥ አክዓብ «የአባቶቼን ርስት እሰጥህ ዘንድ እግዚአብሔር ያርቅልኝ» ያለው ናቡቴ ትዝ ይለናል፤ እሱም ባለ ወይን ነበርና።

ግን እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ከሆቻ ብዙም ሳይርቅ ትልቋ ክሩሻ የምትባል የሙስሊም አልባኒያውያን መንደር አለች። በዚያው ጦርነት፣ በፈረንጆቹ መጋቢት 1999፣ የሰርብ ኃይሎች ወንዶቿን ፈጁ። መበለቶቹ እርሻውን ራሳቸው ተረከቡ። በርበሬ እየጠበሱ፣ በጠርሙስ እያሸጉና እየሸጡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ክርስቲያን አይደለም የተገደለው ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ያውቃል፤ ናቡቴን ያስወገሩት ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ከተማው ሽማግሌዎች ናቸው። ያውም ጾም አውጀው።

በጸሎታችሁ ሆቻን ስትጠሩ ክሩሻንም ጥሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።