የሴቶች እድር አመራር፦ የሥራ ድርሻና አሠራር

የሴቶች እድር የአንድ ሰፈር ሴቶች ሐዘን ሲገጥም ለመረዳዳት የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ከወንዶቹ ወይም ከጠቅላላው እድር ጎን ለጎን ይሠራል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና የቀብሩ ጉዳይ የዚያኛው ሲሆን፣ ምግቡ፣ የወጥ ቤት ዕቃውና ለቅሶ ደራሹን ማስተናገዱ የሴቶቹ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ማኅበርን ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ሌላ ዓላማ ያለው የሰዎች ስብስብ ይለዋል። እድርም በጠባዩ ከዚህ አይወጣም። የዕለት ተዕለት ሥራውን ግን የሚገዛው አባላቱ ራሳቸው ያጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ ነው።

ሰብሳቢዋ ስብሰባ ትመራለች፣ ወጪ ታጸድቃለች፣ እድሩን ወክላ ከወረዳውና ከጎረቤት እድሮች ጋር ትነጋገራለች። ከዚህ የበዛ ሥልጣን ሊኖራት አይገባም። ወጪ የምታዘው በጽሑፍ ነው፤ «ለእገሊት ስጪያት፣ ኋላ እፈርማለሁ» የሚለው የቃል ትእዛዝ ለጉድለት በር ይከፍታል። ስሟ ከሁሉ ቢቀድምም፣ የእድሩ ጽናት የሚለካው በጸሐፊዋ፣ በገንዘብ ያዧና በንብረት ያዧ እጅ ነው።

ጸሐፊዋ ሁለት መዝገብ ትይዛለች። አንደኛው ቃለ ጉባኤ ነው፤ ቀኑ፣ የተገኙት ብዛትና ውሳኔው ተጽፎ እዚያው ስብሰባው ላይ ይፈረምበታል። ሁለተኛውና ጭቅጭቅ የሚበዛበት የቤተሰብ መዝገብ ነው። በእያንዳንዷ አባል ስም ሥር ባል፣ ልጆች፣ ወላጆች፣ እንደ ደንቡም እህት ወንድምና አማቾች ይመዘገባሉ። የሚከፈለው ገንዘብ እንደ ዝምድናው ስለሚለያይ ቦታው የተሳሳተ ስም ሐዘን ቤት ውስጥ ጠብ ያስነሳል። በጣም የተለመደው ችግር ከምዝገባ በኋላ የተወለደ ልጅ ሳይጨመር መቅረቱ ነው። ሁለት እህትማማቾች በአንድ እድር ሆነው ሁለቱም እናታቸውን ሲያስመዘግቡ አንድ ጊዜ ይከፈል ወይስ ሁለት ጊዜ የሚለውም አስቀድሞ በደንቡ ካልተወሰነ ያጣላል። መዝገቡ በዓመት አንድ ጊዜ ታርሞ አባሏ ትፈርምበታለች፤ ባዶ የቀሩት መስመሮች በሰረዝ ይዘጋሉ። ሞት ከተነገረ በኋላ ስም አይጨመርም።

የአዲስ አባል መግቢያንም የምታሰላው ጸሐፊዋ ከገንዘብ ያዧ ጋር ሆና ነው። ሌሎቹ ለዓመታት አዋጥተው የገዙትን ዕቃ አዲሷም እኩል ስለምትጠቀምበት ድርሻዋን ትከፍላለች። 90 አባላት ያሉት እድር 60,000 ብር ጥሬ ገንዘብና 75,000 ብር የሚገመት ንብረት ካለው፣ ድምሩ 135,000 ብር ለ90 ተካፍሎ መግቢያው 1,500 ብር ይሆናል። ብዙዎች ገንዘቡን ብቻ አካፍለው ዕቃውን ይረሱታል።

ገንዘብ ያዧ መዋጮ የምትቀበለው ተከታታይ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ነው። በዚሁ እድር ወርኃዊ መዋጮው 40 ብር ቢሆን የወሩ ሙሉ ገቢ 3,600 ብር ነው። 78 ደረሰኝ ከተቆረጠ እጇ ላይ 3,120 ብር መገኘት፣ የ12 አባላት 480 ብር ደግሞ በውዝፍ መመዝገብ አለበት። ገንዘቡ ባንክ የሚቀመጠው በጥምር ፊርማ ነው። ሞት በዓልና እሑድ ስለማይለይ ግን ለአንድ ሐዘን የሚበቃ ገንዘብ ቤቷ እንድትይዝ ይፈቀዳል፤ ጣሪያው በደንቡ ይጻፋል። ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ገንዘብ ላይ ለዘመድ «ለሁለት ቀን» በማበደር ነው። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ «የተሰረዘ» ተብሎ ከነቅጂው ጥራዙ ላይ ይቀራል።

ከባዱ ሥራ የንብረት ያዧ ነው። ትልልቅ ድስት፣ ሳፋ፣ ትሪ፣ ጭልፋ፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ ጀበና፣ ጀሪካን ሁሉ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። ፈርማ የምትረከበው ሐዘንተኛዋ ሳትሆን የዕለቱ ተረኞች አለቃ ናት፤ ያለቀሰች ሴት ሰሃን አትቆጥርም። ዕቃ የሚጠፋው በብዛት ሠልስቱ ያለቀ ዕለት ማታ ነው። ሁሉም ደክሞት ወደ ቤቱ ሲቸኩል «ነገ እንቆጥራለን» ይባላል፣ በማግሥቱም ከሌላ እድር ዕቃ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ከሰሃን በታች የሚቀባ ቀለም በሽቦ ሲፈተግ ስለሚለቅ፣ በብረት ዕቃ ላይ የእድሩን ምልክት በምስማር መምታት ይሻላል። ዕቃ እርጥቡን ከተደራረበ ይዝጋል፣ ይሸታል፤ ደርቆ መግባት አለበት። ለሠርግ የሚያከራዩ እድሮች ምንጊዜም የማይከራይ፣ ለአንድ ሐዘን የሚበቃ ሙሉ ዕቃ ለይተው ያስቀምጣሉ። አለዚያ ሠርጉ መሐል ሞት ሲሰማ ድስት ከምድጃ ማውረድ ሊመጣ ነው።

ምግብ የሚያበስሉት አባላት በተራ ተመድበው ነው። ተረኞቹን የምትመድበዋ ሴት ቀኑ የጾም መሆን አለመሆኑን ታያለች፤ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድነት በሚኖሩበት እድር ደግሞ ድስቱም አብሳዮቹም ለየብቻ እንዲሆኑ ታደርጋለች። ለፋፊዋ ቤት ለቤት ወይም በስልክ ትጠራለች፤ ማንን በስንት ሰዓት እንዳገኘች ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። የቀረች አባል «አልሰማሁም» ብትል ቅጣቱ የሚጸናው ወይም የሚነሣው በዚያ ወረቀት ነው።

ሒሳብ ተቆጣጣሪዋ በጠቅላላ ጉባኤ የምትመረጥ፣ ከኮሚቴው ውጭ የሆነች፣ ለገንዘብ ያዧም የቅርብ ዘመድ ያልሆነች ብትሆን ይመረጣል። ሳታስታውቅ ጥሬ ገንዘቡን ትቆጥራለች፣ የደረሰኙን ቁጥር ከመዝገቡ ታመሳክራለች፣ ያልተጀመሩ ጥራዞችንም ትቆጥራለች፤ ይህ የመጨረሻው የሚዘለል ቢሆንም የተደበቀ ገቢ የሚገኘው እዚያው ነው።

የአመራር ዘመን ሲያልቅ ኮሚቴውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መቀየር ሥራ ያቋርጣል፤ ቢያንስ ከነባሮቹ አንዷ ብትቀጥል ይሻላል። ርክክቡ ገንዘብን፣ ዕቃን፣ መዝገብን፣ ማኅተምንና ያልተቆረጠ ደረሰኝን ሁሉ ያጠቃልላል፤ አስረካቢና ተረካቢ ተቆጣጣሪዋ ባለችበት ይፈርማሉ። የባንክ ፈራሚ ለውጥ በቃለ ጉባኤና በማኅተም ተደግፎ በዚያው ሳምንት ይቀርባል። ከዘገየ ገንዘብ የምታወጣው ከሥልጣን የወረደችው ኮሚቴ ሆና ትቆያለች፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ሰፈር ከለቀቀችም ሐዘን እየጠበቀ ሒሳቡ አይንቀሳቀስም።