ሉላዊነት ምንድን ነው? ከውጭ የገባ ሁሉ ሉላዊነት አይደለም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ፣ አንድ ተናጋሪ የከተማዋን ወጣቶች አለባበስ፣ የጸጉር አቆራረጥና የሚያዳምጡትን ሙዚቃ አንድ በአንድ ከዘረዘሩ በኋላ «ሉላዊነት ይዞብን የመጣው ጣጣ ይኸው ነው» ብለው ንግግራቸውን ቋጩ፤ ተሰብሳቢውም አጨበጨበላቸው። የኢኮኖሚ ታሪክ እንደሚያስተምር ሰው ይህን አባባል በፈተና ወረቀት ላይም በሬዲዮም ስለማገኘው አሁን አሁን ዝም ብዬ ማለፍ እየተሳነኝ መጥቷል። የወጣቶቹ አለባበስ መልካም ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ሉላዊነት የምንለው ነገር ግን እሱ አይደለም።

ሉላዊነት ወይም በተለምዶ ግሎባላይዜሽን የምንለው፣ ተራርቀው በሚገኙ ስፍራዎች መካከል ያለው ትስስር እየጠበቀና እየፈጠነ ከመሄዱ የተነሣ፣ በአንዱ ስፍራ የተላለፈ ውሳኔ ወይም የደረሰ ክስተት በሌላው ስፍራ ያለውን ዋጋ፣ ሥራና ኑሮ የሚለውጥበት ሂደት ነው። እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር አንቶኒ ጊደንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ብያኔ ከዚህ ብዙም አይርቅም (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ብያኔ ውስጥ ስለ ጨርቅና ስለ ሙዚቃ የተነገረ ነገር እንደሌለ ልብ ይሏል።

ድሬዳዋ የኖረ ሰው የደቻቱን ወንዝ ጠባይ ያውቃል። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ በስተደቡብ ከደንገጎ በኩል ባለው ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ፈጅቷል። ሉላዊነትን በውሃው ሳይሆን ደጋውንና ከተማውን ባስተሳሰረው ተፋሰስ ብንመስለው ነገሩ ይገለጣል። ተናጋሪው የዘረዘሯቸው ነገሮች ጎርፉ አንሳፍፎ ያመጣቸው ግንዶች ናቸው፤ ዓይን የሚስቡ መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን ግንዱን ቆጥሮ ስለ ተፋሰሱ ተናገርኩ ማለት አይቻልም፤ ተፋሰሱ ግንድ ባልመጣበት ዓመትም አለና። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ እንደሚያነክስ ግን ከወዲሁ ልናገር፤ ውሃ የሚወርደው ቁልቁል ብቻ ሲሆን፣ የዓለም ትስስር ግን፣ እኩል ባይሆንም፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈሳል።

ለዚህ በሐረርጌ ካለችው የጫት ገበያ ከተማ ከአወዳይ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ የሚፈለግበት ኃይል በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ስለሚዳከም፣ ዙርባው ገና ከመታሰሩ ሩጫ ይጀመራል፤ ግማሹ በመኪና ወደ ሶማሌላንድ፣ ግማሹ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም አልፎ የሀበሻና የሶማሌ ስደተኛ ወደሚኖርባቸው የአውሮፓ ከተሞች በአውሮፕላን ይሄድ ነበር። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ ደግሞ በ2014 ጫትን በሕግ ሲከለክሉ፣ ወደ ለንደን ይላክ የነበረው ዙርባ ሌላ ገዥ መፈለግ ግድ ሆነበት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከውጭ ወደ እኛ የገባ አንድም ዕቃ፣ አንድም ልማድ የለም፤ እንዲያውም የሆነው አንድ ነገር ከእኛ መውጣቱ መቋረጡ ነው። ሆኖም በሌላ አገር ምክር ቤት የጸደቀ ሕግ፣ ያንን ምክር ቤት በስሙ እንኳ የማያውቀውን ገበሬ ኪስ ነክቷል። ሉላዊነት ማለት ይህ ነው። (ለትክክለኛነት ያህል፣ ለብሪታንያ ገበያ ትልቋ አቅራቢ ኬንያ ስለነበረች፣ ክልከላው የከፋ ጉዳት ያደረሰው በሐረርጌ ሳይሆን በሜሩ ገበሬዎች ላይ ነው። የእኛን ድርሻ አግንኖ ማቅረብም ሌላ ስህተት ነው።)

ከላይኛው ተቃራኒ የሆነ፣ ሐረር ላይ ደግሞ የሚበረታ ስህተት አለ። «እኛ ከጥንት ጀምሮ ሉላዊ ነበርን፤ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?» የሚለው ማለቴ ነው። ሐረር በዘይላ ወደብ በኩል ከዓረብና ከህንድ ጋር ስትነግድ መኖሯ፣ የራሷን ገንዘብ መምታቷ፣ ከ1875 እስከ 1885 በግብፅ እጅ መቆየቷ፣ ህንዱም አርመኑም ግሪኩም ሱቅ የከፈተባት ከተማ መሆኗ አያከራክርም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም በ1880 መጨረሻ ወደ ሐረር የመጣው ለአንድ የኤደን ነጋዴ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር፤ አስጎብኚዎች ስለ ግጥሙ ሲያስረዱ፣ እኔን ግን የሚያጓጓኝ የገዥ ወኪልነቱ ነው። ይሁን እንጂ በግመል ሳምንታት ተጉዞ የሚደርስ ሸማና ቅመም መኖሩ ብቻውን ሉላዊነትን አያስረዳም። ሩቅ ለሩቅ መገበያየት እጅግ ጥንታዊ ነገር ነው።

በእኛ ሙያ ፈተናው ዋጋ ነው። ሁለት ገበያዎች በእርግጥ ከተሳሰሩ፣ የአንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋቸው ይቀራረባል፤ አንዱ ሲናጥ ሌላውም ይናጣል። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎቹ ኬቪን ኦሩርክና ጄፍሪ ዊሊያምሰን እንዳሳዩት፣ በ1870 የሊቨርፑል የስንዴ ዋጋ ከቺካጎው በ58 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር፤ በ1913 ልዩነቱ ወደ 16 በመቶ ወርዷል። ያቀራረባቸው በእንፋሎት የሚሄደው መርከብና ባቡር ነው። ተመሳሳይ ደረጃ የሌለውን ስንዴ ማወዳደር ውጤቱን እንደሚያበላሽ፣ የዋጋ መቀራረብም ከመጓጓዣ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ዴኒስ ፍሊንና አርቱሮ ሂራልዴዝ ደግሞ ከዋጋ ይልቅ የብር ማዕድንን ጉዞ ተከትለው፣ አሜሪካና እስያ በቀጥታ የተገናኙበትን፣ ማኒላ የተቆረቆረችበትን 1571ን መነሻ ያደርጋሉ። እኔ በዋጋው በኩል ነኝ።

በዚህ መለኪያ ከታየ ለእኛ አካባቢ ወሳኙ ዘመን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከሥሩ በሜዳው በኩል አለፈ፤ በ1902 የደረሰበትም ስፍራ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን በጠገራ ብር የሚሸምት የሐረር ነጋዴ ከአውሮፓ ውሳኔ ነፃ አልነበረም። ጀርመን ከ1871 በኋላ ገንዘቧን በወርቅ ላይ መሥርታ የብር ማዕድኗን ወደ ገበያ ስታወጣ፣ ሌሎችም ሲከተሏት የማዕድኑ ዋጋ ወደቀ፤ በወርቅ የሚተመን ዕቃ የሚያስመጣም ሰው ከበፊቱ የበለጠ ጠገራ መቁጠር ነበረበት። ምስሏ የተቀረጸባት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ግን በጠገራው ላይ ያው እንደ ወትሮዋ ነበረች።

ምሁራኑ በምን ይለያያሉ ለሚል፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተለመደው አከፋፈል ሦስት ጎራ ያስቀምጣል። እንደ ኬኒቺ ኦህማይ ያሉት፣ ድንበርና መንግሥት ትርጉም አጥተው ዓለም አንድ ገበያ እየሆነች ነው ይላሉ፤ በደቻቱ ቋንቋ፣ ተፋሰሱ ሁሉ አንድ ሐይቅ ሊሆን ነው እንደማለት ነው። ፖል ሂርስትና ግራሃም ቶምፕሰን ወንዙ ድሮም ይፈስ ነበር ባዮች ናቸው፤ ከ1914 በፊት የነበረው የካፒታልና የሰው ዝውውር ከዛሬው የሚተናነስ እንዳልነበረ፣ መንግሥታትም ዛሬ ድረስ ግድቡን በእጃቸው እንደያዙ ይከራከራሉ። ዴቪድ ሄልድና ባልደረቦቹ ያሉበት ሦስተኛው ጎራ ደግሞ ጎርፉ መውረጃውን ራሱን እየሸረሸረ ቅርጹን እንደሚቀይር፣ መንግሥታት ሳይጠፉ ሥራቸው እንደሚለወጥ ያስረዳል። ከእነዚህ ውጭ ኢማኑኤል ዋለርስታይን ጉዳዩን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ማዕከሉ ዳሩን የሚበዘብዝበት ሥርዓት አድርጎ ያየዋል። ባህልን በተመለከተም አርጁን አፓዱራይ ከውጭ የመጣው ነገር በደረሰበት ስፍራ መልኩን እንደሚለውጥ ጽፏል፤ ተናጋሪያችን ስለ ባህል መናገር ከፈለጉ መነሻቸው ከዚህ ቢሆን ይሻል ነበር።

እኔ ለሦስተኛው ጎራ አደላለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ተጠራጣሪዎቹ፣ እነ ሂርስት፣ ትክክል ናቸው፤ ትስስር ይላላል። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና በመካከላቸው የነበረው የኢኮኖሚ ድቀት ከ1914 በፊት የተገነባውን አብዛኛውን አፍርሰውታል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ፣ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች ጉዟቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል አዙረዋል። «ሉላዊነት አበቃ» የሚሉት ይህን ይጠቅሳሉ፤ ሆኖም የትስስሩ መጥበቅና የንግዱ መጠን ማደግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መርከብ መንገድ በለወጠ ጊዜ የማጓጓዣ ዋጋ በየአገሩ መናሩ ገበያዎቹ ገና አለመለያየታቸውን ያሳያል።

የትስስሩን እኩል አለመሆን ለማየት የሐረርን ቡና መመልከት ይበቃል። ላኪዎችን በኮታ ያስማማ የነበረው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት በ1989 ሲፈርስ፣ የዓለም ዋጋ በወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። ኢትዮጵያ በ2005 የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ለአሜሪካ መሥሪያ ቤት ስታመለክት፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ የተቋጨውም በ2007 በተደረሰ ስምምነት ነው። ስምምነቱ በስሞቹ ባለቤትነትና አጠቃቀም ላይ እንጂ ገበሬው በሚያገኘው ዋጋ ላይ አልነበረም። ሳይታጠብ በፀሐይ የሚደርቀው የሐረር ቡና ከዋና ዋና ገዥዎቹ አንዷ ሳውዲ ዓረቢያ ስለሆነች፣ ዋጋው እንደ ታጠበው ቡና የኒውዮርክን የቡና ገበያ ዋጋ እግር በእግር አይከተልም፤ ስለዚህ «ሁሉን ነገር የሚወስነው ኒውዮርክ ነው» የሚለውም አባባል፣ ቢያንስ ለሐረር ቡና፣ መታረም አለበት።