የዌብሳይት ፓስዎርድ መፈተሻ የተርሚናል መሣሪያዎች፣ ለጎንደር ባለሙያዎች

እነዚህ በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ የሚሠሩ መሣሪያዎች የዌብሳይት መግቢያ ገጽ ላይ የፓስዎርድ ዝርዝር እያከታተሉ ይሞክራሉ። ዓላማው ደካማ ፓስዎርድ መኖሩንና ሰርቨሩ ተደጋጋሚ ሙከራን ማገዱን ማጣራት ነው። ሜዱሳ፣ ኤንክራክና ፓታተር ይታወቃሉ። ኤንክራክ ኤንማፕ ከተባለው የኔትወርክ መፈተሻ ቤት የወጣ ነው፤ ፓታተር በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል።

ስሙ የገነነው ግን ሃይድራ ነው። የሠራው ዘ ሃከርስ ቾይስ የሚባል ቡድን ሲሆን ለደኅንነት ፍተሻ በተዘጋጀው ካሊ ሊኑክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይም ይገኛል። ሲከፈት ለወታደራዊ፣ ለስለላ ወይም ለሕገወጥ ሥራ እንዳይውል ይማጸናል። የገጹን አድራሻ፣ የመሙያ ሳጥኖቹን ስምና ፓስዎርድ ሲሳሳት የሚወጣውን መልእክት እንዲሞሉለት ይፈልጋል። መልእክቱን ከገጹ በሚመጣው መልስ ውስጥ ካላገኘ ፓስዎርዱ ሠርቷል ብሎ ይመዘግባል። ገጹ «የተሳሳተ የይለፍ ቃል» እያለ ሃይድራ ላይ የእንግሊዝኛ መልእክት የሞላ ሰው ታዲያ ሁሉም ፓስዎርድ ትክክል ሆኖ ይመጣለታል። ሌላ ቁጥር ካልተነገረው 16 ሙከራ ጎን ለጎን ስለሚልክ ደከም ያለ ሰርቨር ሊያጨናንቅ ይችላል። ከሜዱሳ ይፈጥናል የሚሉ አሉ፤ ያከራክራል።

የመሣሪያው ጉልበት ዝርዝሩ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሮክዩ ከተባለው ድርጅት የ32 ሚሊዮን አካውንት ፓስዎርዶች ተሰረቁ። ሳይመሰጠሩ ነበር የተቀመጡት። ድግግሞሹ ሲወጣ 14 ሚሊዮን ያህል ቀረ፤ ዛሬም ካሊ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይኸው ነው። 123456ን ብቻ 290 ሺህ ያህል ሰው መርጦታል።

ለጎንደር ይህ ብቻውን አይበቃም። የእኛ ሰው ፋሲልን፣ አዘዞን ወይም ማራኪን ከዓመተ ምሕረት ጋር አጋጥሞ ፓስዎርድ ሊያደርግ ይችላል። የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ስለሚጻፍ ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። ይህን የአገር ልጅ ነው አሳምሮ የሚሠራው። በ1954 እ.ኤ.አ. ጤና በማስተማር የጀመረው አንጋፋው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች አሉት።

ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚፈተሸው ገጽና ሰዓቱም ይጠቀስበት።

መከላከያው ከባድ አይደለም። ሙከራን መገደብ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማስገባት፣ የተሰረቁ ፓስዎርዶችን ሲመዘገቡ አለመቀበል። ለመለማመድ ዲቪደብሊውኤ (DVWA) የተባለውን ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ዌብሳይት ላፕቶፕ ላይ መጫን ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።